አንድ ነገር፥ ብዙ ስም
(በዘንገና ሐይቅ ዳር ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ስለ እንግሊዝኛ ቃላት ከመናገሬ በፊት ጥፋቴን ልናዘዝ። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ «አስክ» የሚለው ቃል ተራ መስሎ ስለ ታየኝ ከመዝገበ ቃላት ተመሳሳዩን ፈልጌ «ኢንተሮጌት»ን አገኘሁ። ጥያቄ ልጠይቃቸው ለፈለግሁት መምህሬም በዚሁ ቃል ጻፍሁላቸው። እርሳቸውም «ለመሆኑ ወንጀሌ ምንድን ነው?» ብለው መለሱልኝ። ቃሉ ለካ ፖሊስ ተጠርጣሪን ሲመረምር የሚባል ኖሯል።

መዝገበ ቃላቱ አልዋሸም። የጐደለኝ ቃሉን ማን ለማን እንደሚናገረው ማወቅ ነበር። በአማርኛ ሰው ሞተ፥ ዐረፈ፥ ዐለፈ እንላለን፤ በከተ የምንለው ግን ስለ በሬ እንጂ ስለ ጎረቤታችን አይደለም።

የእንግሊዝኛ ቃል መብዛቱ ከታሪክ የመጣ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1066 ዓ.ም. ኖርማኖች አገሩን ከያዙ በኋላ መኳንንቱ ፈረንሳይኛ፥ ባላገሩ እንግሊዝኛ ሲናገር፥ ሊቃውንቱ በላቲን ይጽፉ ነበር። ስለዚህ ላሚቱ በመስክ ሳለች «ካው» ናት፤ ሥጋዋ ለገበታ ሲቀርብ «ቢፍ» ይባላል። ፊተኛው የእረኛው፥ ኋለኛው የበላተኛው ቃል ነው። የእኔ «ኢንተሮጌት» ደግሞ ከላቲን የመጣ ነው። እኛም በቤታችን «ሰው» እያልን በሕግ ላይ «ሰብአዊ መብት» ብለን የምንጽፈው ከግእዝ ወስደን ነው።

እስቲ ፊታችን ያለውን ውሃ ተመልከቱ። ዘንገናን «ኩሬ» የሚል ቢመጣ ያገሩ ሰው ይቀየመዋል። ጣናን ግን አባቶቻችን «ባሕር» ስላሉት ከተማዪቱ ባሕር ዳር ተባለች። እንግሊዞችም «ፖንድ»ን ከ«ሌክ» ይለያሉ። እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በቦረቦረው ጕድጓድ ውስጥ የተኛውን ሐይቅ የጂኦሎጂ ሊቃውንት «ማር» የሚሉበት ጊዜ አለ፤ በጀርመንኛ በኩል የመጣ ሲሆን ሥሩ ባሕር ማለት የሆነ የላቲን ቃል ነው። (ቀፎ የምትፈልጉ አትድከሙ።)

እንግሊዞች በቃል መጫወትም ያውቃሉ፤ «ዚግዛግ»፥ «ቺትቻት»፥ «ዲንግዶንግ» ይላሉ። የ«ኢ» ድምፅ ትቀድማለች፤ «ዛግዚግ» የሚል የለም፤ ደንቡን ግን ማንም አላስተማራቸውም። እኛም «እንቶ ፈንቶ» እንላለን እንጂ «ፈንቶ እንቶ» አንልም።

በአውኚ አፋችሁን የፈታችሁ ጓደኞቼ ይህን ድካም በአማርኛ አንድ ጊዜ አልፋችሁታል። ቃላት በዝርዝር ከሚሸመድደው ይልቅ እናንተን መጠየቅ ይሻለኛል። በአውኚም እንዲህ ያለ ተጫዋች ቃል የሚያውቅ ካለ፥ ከምሳ በኋላ ደብተሬን ይዤ ከዛፉ ሥር እጠብቀዋለሁ።