ሊማሊሞን በየትኛው ማርሽ?

(የከባድ መኪና ድምፅ፤ እየራቀ ይጠፋል)

አቅራቢ፦ ዛሬ ከጎንደር በደባርቅ በኩል ወደ ሽሬ ተሳቢ ለምትጎትቱ አሽከርካሪዎች ስለ ኦቨርድራይቭ እናንሳ።

ኦቨርድራይቭ ላይ ሞተሩ ለምሳሌ 70 ጊዜ ሲዞር ከካምቢዮ የሚወጣው ዘንግ 100 ጊዜ ይዞራል። ሜዳ ላይ ነዳጅ ይቆጥባል። ዳገት ላይ ከጭነት ጋር ግን ጉልበት ያንሰዋል፤ አውቶማቲክ ካምቢዮ ከሆነ ማርሹ ወጣ ገባ እያለ ዘይቱን ያግለዋል።

ቁልቁለቱ ደግሞ ይብሳል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን በሠሩት የሊማሊሞ ጥምዝምዝ ላይ በኦቨርድራይቭ ከወረዳችሁ ሞተሩ መኪናውን አይዝላችሁም፤ ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል። የፍሬን ሸራ ሲሸታችሁ ፍሬኑ መያዝ ሊተው ተቃርቧል።

ስለዚህ ከደባርቅ ስትወጡ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ኦቨርድራይቩን አጥፉ። መንገዱን ብትወጡት በየትኛው ማርሽ ትወጡት ነበር? በዚያው ወይም ከዚያ ባነሰው ውረዱ። መልካም መንገድ!