ከባቡር ጣቢያው የተመለሰው ልጅ

(ከበጋው የባሕር ጉዞ በፊት ለወጣቶችና ለወላጆች በተዘጋጀው ምሽት የቀረበ ንግግር)

 

ዛሬ የምናወራው ስለ ካያክ ነው። ለዚህ ምሽት ስልክ ስንደውል አንድ አባታችን «ካያክ ማለት ታንኳ ነው ወይ?» ብለው ጠየቁን። አዎ፣ ዘመዱ ነው። የጣናው ታንኳ ከደንገል ይታሰራል፤ ይኼኛው ከፕላስቲክ ወይም ከፋይበር ይሠራል። የባሕሩ ዓይነት ወደ 5 ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ቀዛፊው እግሩን ወደ ውስጥ ዘርግቶ ይቀመጣል፣ መቅዘፊያውም በሁለቱም ጫፍ ይቀዝፋል። እኚህ አባት ደምቢያ ነው ያደጉት። «እኛ አገር ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው መጀመሪያ ነፋሱን ያያል» አሉን። የዛሬውን ንግግር እሳቸው በአንድ አፍ ጨርሰውት ነበር፤ እኛ ግን ትንሽ እናስረዝመዋለን።

ባለፈው በጋ ምን ሆነ መሰላችሁ። ከማለዳው 6 ሰዓት፣ በአገር ቤት አቆጣጠር 12 ሰዓት ላይ፣ ረሆቮት ባቡር ጣቢያ ተሰበሰብን። አሥራ አራት ወጣቶችና ሦስት መድሪኾች ነን። ከቂርያት ሞሼ በአውቶቡስ የመጣ አለ፣ አባቱ በመኪና ያደረሰው አለ። በባቡር እስከ አሽዶድ ዓድ ሃሎም፣ ከዚያ በአውቶቡስ ወደ ባሕሩ ልንሄድ ነው። ጀልባዎቹና የካያክ አስተማሪዎቹ እዚያ ይጠብቁናል። ስም ጠራንና በዕብራይስጥም በአማርኛም ጠየቅን፦ «ጥልቅ ውሃ ውስጥ ገብቶ የማያውቅ አለ?» ማንም እጁን አላነሣም። ለልጃቸው ዳቦ ይዘው የመጡ አንዲት እናት ግን ከኋላ ሆነው ሳቁ። «የኔ ልጅ እኮ ባሕር ሲገባ ከጉልበቱ አልፎ አያውቅም!»

የልጁን ቅጽ አወጣን። «በደንብ እዋኛለሁ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጓል። ከታች የእናቱ ፊርማ አለ። «ምን ላይ እንደፈረሙ ነግሮዎታል?» አልናቸው። «የጉዞ ወረቀት ነው አለኝ፣ ፈረምኩ» አሉ።

ልጁ አቀርቅሮ ቀረ። ባቡሩ ሊደርስ ስምንት ደቂቃ ቀርቶታል። ሦስታችን ፈንጠር ብለን ተከራከርን። አንዳችን «ጃኬት ይለብሳል፣ ከመሃል እናደርገዋለን» አለ። ሌላዋ «ቢገለበጥስ? እሱን ስናነሣ አሥራ ሦስቱን ማን ይይዛል?» አለች። እውነቱን ለመናገር፣ ልጁን ላለማሳፈር ስንል ልንወስደው ትንሽ ነበር የቀረን። በመጨረሻ ከእናቱ ጋር መለስነው።

ሁለት ወር አላናገረንም። ዛሬም እዚህ የለም። እናቱ ግን አሉ፤ ታሪኩን እንድናወራ እሳቸውም እሱም ፈቅደውልናል፣ ስም አንጠራም። ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም፤ ቅጹን በዕብራይስጥ ብቻ የላክነው እኛ ነን። በየቤታችን አስተርጓሚው ልጅ እንደሆነ እያወቅን! ባንክ፣ ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት፣ የትም። እኛም ተርጉመናል፣ ቆርጠንም ተርጉመናል። የወላጆች ስብሰባ ላይ መምህሯ ያለችውን ለእናቱ ሙሉውን የተረጎመ ካለ እጁን ያውጣ።

ወደ ደረጃዎቹ እንምጣ። ሌሎች በሌላ መንገድ ይከፍሉ ይሆናል፤ እኛ ሦስት አድርገናቸዋል። አንደኛ ደረጃ ማለት በረጋ ውሃ ላይ ቀጥ ብሎ መቅዘፍ፣ መዞር፣ መቆም የሚችል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ተገልብጦ መውጣት የሚያውቅ ነው። ይኼ የመጨረሻው በገንዳ ውስጥ ነው የሚለመደው። ወገባችሁ ላይ ውሃ እንዳይገባ የሚከላከል ሽፋን ይታሰራል፤ ፊት ለፊቱ የሚጎተት ማሰሪያ አለው። ስትገለበጡ ጭንቅላታችሁ ውሃ ውስጥ ነው፣ አፍንጫችሁ ውሃ ይሞላል፣ እጃችሁ ያንን ማሰሪያ ፈልጎ ወደፊት መሳብ አለበት። ለዚህ ነው ማሰሪያው ሁልጊዜ ከላይ ወጥቶ የሚታየው፤ ከሽፋኑ ሥር ተጠቅልሎ ከቀረ ችግር ነው። ከወጣችሁ በኋላ ጀልባውን አትለቁም። ጀልባው ይንሳፈፋል፣ ከሩቅም ይታያል፤ የሰው ጭንቅላት በማዕበል መካከል አይታይም።

ሁለተኛ ደረጃ የሚባለው እግር በማይደርስበት ውሃ ላይ ተመልሶ መግባት የሚችል ነው፤ በጓደኛ እርዳታም፣ ብቻውንም። ሌላውን መልሶ ማስገባትም አለበት። ብዙ ልጆች እዚህ ላይ ይሰለቻሉ፤ አሥር ጊዜ መውደቅና መውጣት ነውና። ሦስተኛው ነፋስና ማዕበል ሲነሣ አቅጣጫውን የሚይዝ፣ በሚሰበር ማዕበል መካከል ወደ ዳር የሚወጣ፣ የደከመውን በገመድ የሚጎትት ነው። የቡድን ጉዞ የሚታቀደው በጎበዙ አይደለም፣ በደካማው ነው። አንድ አንደኛ ደረጃ ካለ ጉዞው የአንደኛ ደረጃ ጉዞ ነው።

ደረጃ በዕድሜም አይለካም። እንግሊዝ አገር፣ ማርች 22 ቀን 1993፣ ከፕሊማውዝ የመጡ ስምንት ተማሪዎች ከአንድ መምህራቸውና ከሁለት አሠልጣኞች ጋር ከላይም ሪጂስ ወደ ቻርማውዝ በካያክ ተነሡ። መንገዱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። መጀመሪያ የተቸገረው መምህሩ ነበር፣ ትልቁ ሰው፤ ደጋግሞ ተገለበጠ። አንዱ አሠልጣኝ እሱን ሊረዳ ቀረ፣ ልጆቹ ከሌላዋ ጋር ሆኑ፣ ቡድኑ ተለያየ። ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር እየነፈሰ ልጆቹን ወደ ውጭ ወሰዳቸው፣ ጀልባዎቹ ውሃ ሞሉ። የእርዳታ ጥሪው ለሰዓታት ዘገየ። አራት ተማሪዎች ሞቱ። በ1995 እንግሊዞች ለወጣቶች ጉዞ የሚያዘጋጁ ማዕከሎች ፈቃድ እንዲያወጡ የሚያስገድድ ሕግ አወጡ።

ያ ነፋስ እኛም ጋ አለ። የእኛ ባሕር በስተምዕራብ ነው፤ ስለዚህ የምሥራቅ ነፋስ ሲነፍስ ከኋላችን ይመጣል። አሽዶድ ወይም ፓልማሂም ዳር ቆማችሁ ስታዩ ውሃው እንደ ዘይት ረግቷል፣ «ምን ዓይነት ቆንጆ ቀን ነው» ትላላችሁ። ወደ ውስጥ ስትገቡ ግን ነፋሱ እየበረታ ይሄዳል፣ ያለ ድካም እየተገፋችሁ ነው። መመለስ ስትፈልጉ ነው የሚታወቃችሁ። ተራ ቀዛፊ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ፊት ለፊት ነፋስ ሲመጣ ግማሹም ላይቀር ይችላል። ስለዚህ ዋዜማውን የሜትሮሎጂ አገልግሎቱን ትንበያ እናያለን፣ ማለዳ ደግመን እናያለን። የምሥራቅ ነፋስ ካለ ጉዞው ተሰርዟል፣ ጣቢያ ደርሰን ቢሆንም። በበጋ ደግሞ ከሰዓት በኋላ የባሕሩ ነፋስ ስለሚበረታ ከቀትር በፊት ከውሃ እንወጣለን። የባሕር ዳርቻው ላይ ጥቁር ባንዲራ ከተሰቀለ ጭቅጭቅ የለም።

አርብም አንሄድም። ይኼን ያመጣው ባሕሩ አይደለም፣ ባቡሩ ነው። ሰንበት ከመግባቱ በፊት የመጨረሻውን ባቡር ለመያዝ የሚቸኩል ቡድን አቋራጭ ይፈልጋል፤ ራሳችንን እናውቃለን።

ሁልጊዜ አንድ ሰው ዳር ይቀራል። የስም ዝርዝሩ፣ የወላጆች ስልክ፣ የወጣንበትና የምንመለስበት ሰዓት እሱ ጋ ነው። ሠላሳ ደቂቃ ከዘገየን ይደውልልናል፤ ካልመለስንለት ወዲያው ፖሊስ ጋ፣ 100 ላይ ይደውላል። «ትንሽ ልጠብቅ» የሚባል ነገር የለም። ስልኮቻችን ውሃ በማያስገባ ቦርሳ ሆነው ጃኬታችን ላይ ይታሰራሉ፤ ጀልባው ውስጥ የቀረ ስልክ ለወደቀ ሰው አይጠቅመውም።

አባቶቻችን፣ እናቶቻችን፣ አንድ ነገር እንለምናችሁ። ልጃችሁ «አልችልም» ብሎ ከጻፈ «ጓደኞችህ ሲሄዱ አንተ ትቀራለህ?» አትበሉት። ያ ልጅ የዋሸው ይህን ፈርቶ ነው፣ ኋላ ላይ ነግሮናል። «አልችልም» ያለ ልጅ ከጉዞው አይወጣም፤ ገንዳ ውስጥ እንጀምርለታለን፣ ልብስና ጃኬት ለብሶ 50 ሜትር እስኪዋኝ ድረስ።

ቅጾቹ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ናቸው፤ ዘንድሮ በአማርኛም አሉ። ማንበብ የማይመቻችሁ ካላችሁ ከመካከላችን አንዱ አጠገባችሁ ተቀምጦ ያነብላችኋል። ልጃችሁ አይተርጉም። እስኪጨርስ ድረስ ሻይ ይጠጣ።