የቃጠሎ ወንጀል በእንግሊዝ ሕግ

በእንግሊዝ የልማድ ሕግ፣ ማለትም ከፓርላማ አዋጅ ሳይሆን ከዳኞች ውሳኔ በዳበረው ሕግ፣ በቃጠሎ ወንጀል የሚያስከስሰው የሌላን ሰው መኖሪያ ቤት ሆን ብሎ ማቃጠል ስለነበር፣ ጥበቃው ከንብረቱ ይልቅ በጣሪያው ሥር ለሚያድረው ሰው ያደላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1772 የንጉሡን የጦር መርከቦችና የመርከብ መሥሪያ ግቢዎች ማቃጠል በሞት እንዲያስቀጣ ተደነገገ፤ በ1776 በፖርትስማውዝ የመርከብ ገመድ መሥሪያውን ያቃጠለው ጄምስ አይትከንም በማግስቱ ዓመት በዚያው ከተማ ተሰቀለ። የሚያስገርመው፣ ግድያ በሞት መቀጣቱ በ1965 ከቆመ በኋላም ይህ ድንጋጌ እስከ 1971 በሕግ መጽሐፍ ውስጥ መቆየቱ ነው። በዚያ ዓመት የወጣው አዋጅ የሌላን ሰው ንብረት ሆን ብሎ ወይም በግዴለሽነት፣ ማለትም አደጋውን እያወቀ ችላ ብሎ፣ ያቃጠለን ሰው እስከ ዕድሜ ልክ እስራት ያስቀጣል፤ የሌላውን ሕይወት ለአደጋ ለማጋለጥ አስቦ የገዛ ቤቱን የለኮሰም ከዚሁ ቅጣት አያመልጥም።