ስለ መኪና አየር ማቀዝቀዣ ፍሪሲዮን
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች በዚህ በዓል ላይ ጥቂት ቃል እናሰማለን። የመረጥነው ርእስ የመኪና አየር ማቀዝቀዣ ስለ ሆነ፥ «ለሚዛን ሰው ይህ ምን ያደርግለታል? ብርድ ከፈለገ ደጅ ይውጣ» የሚል እንደሚኖር እናውቃለን። እኛም እስካለፈው ነሐሴ ድረስ እንዲሁ እንል ነበር።

በዚያ ወር ከአንዱ ጓደኛችን አባት ጋር በባለ ሁለት ጋቢና መኪናቸው ከቴፒ ወደ ሚዛን ተፈሪ እንመለስ ነበር። ዝናቡ አላባራም፤ ልብሳችን ርሶአል፤ በእግራችንም ሥር እርጥብ ጆንያ ነበረ። በሸኮ ደን መካከል ዳገቱን ስንይዝ የፊቱ መስታወት ከውስጥ በኩል አላበው። አባታችን (የጓደኛ አባት የሁሉ አባት ነውና) በአንድ እጃቸው መሪውን፥ በሌላው ጨርቅ ይዘው እየጠረጉ ይነዱ ጀመር። የማቀዝቀዣውን ቁልፍ ቢጫኑ መብራቱ በራ፤ ነፋሱ ግን እርጥብ እንደ ሆነ ቀረ። ከመታጠፊያው ላይ እንጨት የተሸከመች ሴት ድንገት ታየችን። ፍሬኑ ሲይዝ በእርስዋና በኮፈኑ መካከል የቀረው አንድ ክንድ አይሞላም። ሴትዮዋ ሸክሟን አስተካክላ ሄደች፤ እኛ እስከ ሚዛን ድረስ ቃል አልተነፈስንም።

በመስታወቱ ላይ ያለው ጉም የትንፋሻችንና የልብሳችን እርጥበት ነው። ማቀዝቀዣው አየሩን በቀዘቀዙ ቧንቧዎች ላይ ስለሚያሳልፈው እርጥበቱ እዚያው ውሃ ሆኖ ከመኪናው ሥር ይንጠባጠባል። ይህን አይቶ «መኪናዬ አፈሰሰ» ብሎ የሚደነግጥ ሞልቶአል። የደረቀው አየር ወደ መስታወቱ ሲነፋ ጉሙን ይወስደዋል። አሜሪካዊው መሐንዲስ ዊሊስ ካሪየር እ.ኤ.አ. በ1902 ዘመናዊውን የአየር ማቀዝቀዣ ሲነድፍ ዐሳቡ ሰውን ማቀዝቀዝ አልነበረም፤ በብሩክሊን ያለ አንድ ማተሚያ ቤት ወረቀቱ በእርጥበት ስለ ተቸገረበት ነው። እንግዲህ መሣሪያው ከመነሻው ለእንደኛ ላለ ዝናባም አገር የታሰበ ይመስላል።

ጋዙን የሚገፋው ኮምፕረሰር በሞተሩ ችንጋ ይንቀሳቀሳል። ፑሊው ሞተሩ እስከ ሠራ ድረስ ዘወትር ይዞራል፤ ኮምፕረሰሩ ግን ሲፈለግ ብቻ ነው። ሁለቱን የሚያገናኘውና የሚለያየው ፍሪሲዮኑ ነው። በውስጡ ሽቦ የተጠመጠመበት ቦቢና አለ፤ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ማግኔት ይሆንና የፊቱን ሳሕን ስቦ «ቀጭ» ያደርገዋል። ፓካርድ እ.ኤ.አ. በ1940 ሞዴሉ ማቀዝቀዣ ሲገጥም ፍሪሲዮን አልነበረውም፤ ባለ መኪናው ማቀዝቀዣውን ለማቆም ሞተሩን አጥፍቶ፥ ኮፈኑን ከፍቶ ችንጋውን ማውለቅ ነበረበት።

መኪናውን መጀመሪያ ያየው መካኒክ ምንም ሳይለካ «ኮምፕረሰሩ ሞቷል፤ ሙሉው ይለወጥ» አለ። የጠራው ዋጋ አባታችን ከቡናው ሽያጭ ለጓደኛችን የኮሌጅ ወጪ የለዩትን የሚጨርስ ነበር። ጓደኛችን «ማቀዝቀዣው ይቅር» ቢልም፥ አባትየው ያችን ሴት አልረሷትም።

ስለዚህ ወደ አንድ አዛውንት መካኒክ ሄድን። «ልጆቼ፤ ሞተ ከማለታችሁ በፊት ማን ከለከለው ብላችሁ ጠይቁ» አሉን። ጋዙ ሲያንስ የግፊት መቆጣጠሪያው ኤሌክትሪኩን ይቈርጣል፤ ያን ጊዜ ፍሪሲዮኑ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ዝም ይላል። ፊውዙንና ሪሌውን አዩ፤ የጋዙን ግፊት ለኩ፤ ሁሉም ደኅና ነው። የፍሪሲዮኑን ሶኬት ነቅለው ማቀዝቀዣው እንደ ተከፈተ ቢለኩ ከ12 ቮልት የሚበልጥ ደርሶአል። ትእዛዙ መጥቶአል፤ ተቀባዩ አልሰማም። ሞተሩን አጥፍተው ቦቢናውን ለኩ። ጤነኛው አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ኦም ያሳያል፤ የእኛው ሽቦው ተበጥሶ ስለ ነበር ምንም አላሳየም።

«ማቀዝቀዣው ሳይከፈት የሚያጉረመርም ድምፅ አልነበረም?» ብለው ጠየቁ። ከሰኔ ጀምሮ ነበረ፤ የመንገዱ ጠጠር ነው ብለን ትተነው ነበር! ፑሊው ዘወትር ስለሚዞር፥ ማቀዝቀዣው ተዘግቶ ሳለ የሚጮኸው የፑሊው ኩሽኔታ ነው፤ ከ«ቀጭ» በኋላ ብቻ ቢጮህ ግን ኮምፕረሰሩ ራሱ ይጠረጠራል። ኩሽኔታው ደርቆ ግሎ ጎረቤቱን ቦቢና አቃጠለው። ከሁሉ በኋላ የፊቱን ሳሕን በእጃቸው አዞሩት፤ ኮምፕረሰሩ ሳይነክስ ዞረ። ነክሶ ቢሆን አዲስ ፍሪሲዮን መግጠም ገንዘብ መጣል ነበር።

ፑሊው፥ ቦቢናውና ሳሕኑ ከጅማ እስኪመጡ አራት ቀን ቈየን። ባትሪውን ነቅለን፥ ችንጋውን አላልተን፥ የመካከሉን ቡሎን ፈታን፤ ሳሕኑ፥ ፑሊው፥ ቦቢናውም በተራ ወጡ። ፍሪሲዮኑ ከውጭ ስለሚገጠም የጋዙ ቧንቧ አይነካም፤ ጋዙ ቢያመልጥ ዐይንን በብርድ ያቃጥላል።

ያስቸገረን ስሱ ቀለበት ነው። በሳሕኑና በፑሊው መካከል የሚቀረው ክፍተት እንደ መኪናው ዐይነት ይለያያል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ከ0.3 እስከ 0.6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ የሚስተካከለውም በእነዚህ ቀለበቶች ነው። ሲሰፋ ማግኔቱ ሳሕኑን መሳብ ያቅተዋል፤ ሲጠብ ተዘግቶም እየታከከ ይቃጠላል። እኛም አንዱን ቀለበት ጭቃ ውስጥ ጣልነው! ከፊዚክስ ክፍል በተዋስነው ማግኔት ሳሩን አንድ ሰዓት ሙሉ ስንዳብስ ቈይተን አገኘነው። አዛውንቱ አልተቈጡም፤ ቡናቸውን ጠጥተው ጨረሱ እንጂ።

ማታ ሞተሩ ተነሥቶ ቁልፉ ሲጫን «ቀጭ» አለ። በማግሥቱ በዝናብ ወደ ቴፒ ሄድን፤ ጨርቁ ከመቀመጫው ሥር አልወጣም። ከኮሌጁ ገንዘብ ጥቂት ተነክቶአል፤ አብዛኛው ግን በቦታው ነው። የተቃጠለው ቦቢና በፊዚክስ ክፍላችን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦአል፤ መለኪያውም አጠገቡ ነው፤ መለካት የሚፈልግ ከንግግሩ በኋላ መምጣት ይችላል።