ኮምፒዩተር የተማሩ ልጆቻችን ወደ መምህርነት ስለሚገቡበት ጉዳይ
(በሰፈራችን ማኅበር ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የመካነ ሰላም የሰፈራችን ነዋሪዎች፣ እናቶች፣ አባቶች፣ ወጣቶች፤

ዛሬ የመዋጮ ነገር አናነሳም፤ እሱ በሚቀጥለው ስብሰባ ይደርሳል። የዛሬው ነገራችን ስለ መምህር ነው።

እንደሚታወቀው በ2015 ዓ.ም ሥራ ላይ መዋል በጀመረው አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ይሰጣል። መጽሐፍ ግን ብቻውን አያስተምርም። ከዚህ በፊት በአንድ ትምህርት ቤት ኮምፒዩተሮቹ ጨርቅ ለብሰው፣ በሩም ተቆልፎ አይተናል። ቁልፉ የት ነው ብንል «ዘበኛው ዘንድ ነው» አሉን። የሚያስተምር ሰው አልነበረማ። በሌላ በኩል እዚሁ ሰፈራችን ውስጥ የኮምፒዩተር ሳይንስ ዲግሪ ይዘው ሞባይል የሚጠግኑ፣ ፎቶ ኮፒ የሚያነሱ፣ ባጃጅ የሚነዱ ልጆች አሉን። ሥራ አይናቅም፤ እንጀራቸው ነው። ቢሆንም ይህን እያየን ዝም ልንል አንችልም።

ልጆቹን ስናነጋግራቸው «እኛ ማስተማር አልተማርንም» ይሉናል። እውነት ነው፤ ማወቅና ማሳወቅ ይለያያሉ። ለዚሁ ሲባል በሌላ ሙያ ተመርቀው ሁለተኛ ደረጃ ማስተማር ለሚፈልጉ ከ2003 ዓ.ም ወዲህ በዩኒቨርሲቲዎች የአንድ ዓመት የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ ሲሰጥ ቆይቷል። የማስተማር ዘዴውን ይማራሉ፤ ትምህርት ቤት ገብተውም ይለማመዳሉ። ሱቅ ከመዝጋት በፊት ግን የዘንድሮውን ምዝገባ ሬጅስትራር ቀርቦ መጠየቅ ያስፈልጋል። በወሬ ሥራ አይለቀቅም።

ከሌላ ሥራ መጥቶ ማስተማር በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ፊደል ያስቆጠሩት መምህራን ብቻ አልነበሩም፤ ተማሪውም፣ የቢሮ ሠራተኛውም አስተምሯል። ዘመቻው በ1972 ዓ.ም በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። የዘመኑን ሌላ ነገር ትተን፣ በዚያ ዘመቻ ስማቸውን መጻፍ የለመዱ እናቶች ዛሬም በሕይወት አሉ።

«መብራት በሌለበት ምን ኮምፒዩተር ይማራሉ?» የሚል ይኖራል። እኛም እንደዚያው እንል ነበር። ከእነዚሁ ልጆች አንዱ ነው ያስረዳን። ኮምፒዩተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ነው አለን። የኛ ፊደል በፈረንጆች 1999 ዓለም በሚጠቀምበት የፊደላት መዝገብ፣ ዩኒኮድ በሚባለው፣ ሲገባ ለየፊደሉ ቁጥር ተሰጠው፤ ሀ 4608፣ ሁ 4609፣ ሂ 4610 እያለ ይሄዳል። ለ 4616 ነው። ከሀ እስከ ለ ስምንት ቦታ መሆኑ ነው። በከሰል ድንጋይ ላይ ጻፈልን፤ እኛ ከስድስተኛ ክፍል ያላለፍነው ሰዎች ገባን! የኔታ ዘንድ የቆጠርነው ሀ ሁ እዚያም በተራው ተሰልፎ ቆየን። ይህን ለማስተማር ጠመኔና ሰሌዳ ይበቃል። መኪናው በኋላ ይመጣል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በነጻ መሆኑ መልካም ነው። የሚሰጠው ግን በኢንተርኔት ነው። በ2015 ዓ.ም በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለስንት ወር እንደቆየን አንረሳውም። መምህር ያለው ልጅ ኔትወርክ ቢጠፋም ይማራል።

አሁን ወደሚያስቸግረው እንምጣ። የመምህር ደመወዝ ሞባይል ጠጋኙ በደህና ወር ከሚያገኘው ሊያንስ ይችላል። ይህን ደብቀን ልጆቻችንን ግቡ አንልም፤ ኋላ የሚወቅሱት እኛን ነው። ስለዚህ የማኅበሩ ኮሚቴ ያሰበው ይህ ነው። ቤት አከራዮች ወደ መምህርነት በገባ ልጅ ላይ ለሁለት ዓመት ኪራይ እንዳይጨምሩ እንለምናለን። ሱቁንም ቅዳሜና ማታ ቢከፍት «መምህር ሆኖ ይነግዳል» ብሎ የሚያማው እንዳይኖር። ለትምህርት በሚሄድበት ዓመት የማኅበር መዋጮው ይቆምለታል፤ ሲመለስ ይቀጥላል። አከራዮች ከዚህ ላይ አጉረመረማችሁ፤ ሰምተናል። ሐሳባችሁን ተነሥታችሁ ተናገሩ፣ ይመዘገባል።

ፈቃደኛ የሆናችሁ ልጆች የዲግሪያችሁን ኮፒ ይዛችሁ እስከ ወሩ መጨረሻ ጸሐፊው ዘንድ ቅረቡ። ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ የምንጽፈው ስንት እንደሆናችሁ ስናውቅ ነው።