ኮምፒውተራችንና ስልካችን ለማናውቀው ሰው እንዳይሠሩ

(በጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከማኅበሩ ጸሐፊ የቀረበ ንግግር። ላልተገኙት አባላት እንዲደርስ በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



ዛሬ የተነሣነው መዋጮ ልንጠይቅ አይደለምና ተረጋግታችሁ ስሙን። ነገሩ ስለ ኮምፒውተርና ስለ ስልክ ነው። እኛ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት አላለፍንም። ይህን የምንናገረው ዐዋቂ ሆነን ሳይሆን ስላጠፋን ነው።

ጥፋታችንን እናስቀድም። የማኅበሩ መዝገብ የሚጻፍበት ኮምፒውተር እንዳለን ታውቃላችሁ። ባለፈው ክረምት ለወር የምንገዛው የኢንተርኔት ፓኬጅ በሳምንት ያልቅ ጀመር። ኮምፒውተሩም ሥራ ሳይሠራበት ይግላል፣ ማራገቢያው ይጮኻል፣ አንድ ስም ለመጻፍ ቡና ተፈልቶ እስኪወርድ ያስጠብቃል። እኛ ምን አልን? «ልጁ ፊልም እያየበት ነው» አልን። መዝገቡን ያለ ክፍያ የሚጽፍልንን ልጅ ጠርጥረን የቢሮውን ቁልፍ ተቀበልነው። ልጁም አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ እኛው ብቻ እየከፈትን ስንሠራበትም ፓኬጁ እንደ በፊቱ አለቀ። ያኔ ደነገጥን።

ባለሙያ ጠርተን ብናስመረምር ውስጡ የተደበቀ ፕሮግራም ተገኘ። የገባውም ገንዘብ ለመቆጠብ ብለን ከሰው ፍላሽ ካስጫንነው የጽሕፈት ፕሮግራም ጋር ነው። ያስጫንነው እኛው ነን እንጂ ልጁ አልነበረም።

ይህ ምን ዓይነት ሌባ ነው ቢሉ፣ በቅሎዋን የማይወስድ የበቅሎ ሌባ ነው። ለእንግዳ በቅሎ የምታከራዩ ይህ ይገባችኋል። ማታ ገብስ ሰጥታችሁ ያሰራችኋትን በቅሎ አንዱ በሌሊት ፈትቶ ጭነት ሲያመላልስባት አድሮ፣ ጎሕ ሳይቀድ መልሶ ቢያስራትስ? ጧት በቅሎዋ ከቦታዋ አለች፤ ግን ላብ አጥምቋታል፣ የሊማሊሞን ዳገት አትወጣም። ገብሱ የእናንተ፣ ኪራዩ የሱ ሆነ ማለት ነው።

ኪራዩ ከየት ይመጣል? በኢንተርኔት ማስታወቂያ የሚያወጣ ነጋዴ ብዙ ጊዜ ማስታወቂያው በተነካ ቁጥር ይከፍላል። ሌባው የራሱን ገጽ ከፍቶ ማስታወቂያ ይቀበላል። ከዚያ በእኛ ኮምፒውተር የተደበቀው ፕሮግራም፣ እኛ ሳናየው፣ ማስታወቂያውን ይነካል። ነጋዴው ሰው የነካለት መስሎት ይከፍላል። አንዱ ንክኪ ሳንቲም ነው፤ ሲበዛ ግን ሀብት ነው። ዜሮአክሰስ የተባለው እንዲህ ያለ ፕሮግራም 2 ሚሊዮን በሚጠጉ ኮምፒውተሮች ገብቶ፣ አስተዋዋቂዎችን በወር 2.7 ሚሊዮን ዶላር ያህል ያከስር እንደነበር ማይክሮሶፍት በኅዳር 2006 ዓ.ም. ገልጿል።

«ይህ የፈረንጅ አገር ጣጣ ነው» የሚል ካለ ተሳስቷል። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ሴኪውር-ዲ የተባለ የደኅንነት አገልግሎት ቴክኖ ደብልዩ 2 በሚባለው ስልክ ላይ ከግዢው በፊት ትሪያዳና ኤክስሄልፐር የተባሉ ፕሮግራሞች ገብተው መገኘታቸውን አስታወቀ። ኢትዮጵያም ነገሩ በብዛት ከታየባቸው አገሮች አንዷ ነበረች። ስልኩ ባለቤቱ ሳያውቅ ማስታወቂያ ይነካል፣ ያልተጠየቀ አገልግሎት ይመዘግባል፣ የሞላነውን ካርድ ይበላል። ከ200,000 በላይ ከሆኑ ስልኮች 19.2 ሚሊዮን አጠራጣሪ ሙከራ ተመዝግቧል። አምራቹ ኩባንያ ጥፋቱ ከዕቃ አቅራቢዎች በኩል የመጣ መሆኑንና ማስተካከያ መስጠቱን ተናግሯል። ኤክስሄልፐር ግን ስልኩ እንደ አዲስ ቢጸዳ እንኳ ተመልሶ የሚመጣ ክፉ ነበር።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1ኛ. ፕሮግራም በነፃ ተገኘ ተብሎ ከፍላሽ አይጫን። ፊልምና መዝሙር ከደባርቅም ሆነ ከዳባት ዘመድ ስንቀበል ፍላሹ ሳይከፈት በጸረ ቫይረስ ይፈተሽ።

2ኛ. ዊንዶውስ 10 እና 11 የራሳቸው ጸረ ቫይረስ አላቸው፤ ሳይከፈልበት ይሠራል። «ያዘገየኛል» ብላችሁ አታጥፉት። ኢንተርኔት ሲገኝ ይታደስ። ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ እድሳት በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ ኮምፒውተሩ የሚችል ከሆነ ወደ 11 ይሻገር።

3ኛ. በስልክ አፕ የምንጭነው ከፕሌይ ስቶር ብቻ ይሁን። በቴሌግራም የተላከ አፕ አይጫን። ያላስገባነው አፕ ከታየ ይጥፋ። አልጠፋ ካለ፣ ወይም ጠፍቶ ከተመለሰ፣ ለባለሙያ ይታይ።

4ኛ. ሒሳባችንን በ*804# እንቁጠር። ሳንደውል ካርዱ ከጎደለ 994 ደውለን ያልጠየቅነው አገልግሎት እንዳለ እንጠይቅ፤ ካለም እናሰርዝ። ማታ ዳታ መዝጋት ወጪ ያድናል፤ በሽታውን ግን አያድንም።

5ኛ. ኮምፒውተሩ ተይዞ ከተገኘ ከኢንተርኔት ይለያይ። ጽሑፍና ፎቶ ብቻ ተገልብጦ ይቀመጥ፤ ፕሮግራም አብሮ አይገልበጥ። ከዚያ ዊንዶውሱ ከንጹሕ ቅጂ እንደገና ይጫን። እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው።

6ኛው ከሁሉ ይበልጣል። ካርድ ሲያልቅ፣ ፓኬጅ ሲጎድል፣ መጀመሪያ የምንጠረጥረው የቤቱን ልጅ ነው። እናት በልጇ፣ አያት በልጅ ልጃቸው ይቆጣሉ። ልጁ ያጠፋበት ቀን ይኖራል፤ ግን መሣሪያው ሳይመረመር አይፈረድበት። ሌባው የወሰደብን የካርድ ገንዘብ ተመልሶ ይሞላል። በእኛ አፍ የወጣው ጥርጣሬ ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም።

ስለዚህ ከቤቱ ድረስ ሄደን፣ ወላጆቹ ባሉበት፣ ልጁን ይቅርታ ጠይቀናል። የጠረጠርነው በአደባባይ ስለነበር ዛሬም በፊታችሁ ደግመን እንጠይቀዋለን። ቁልፉን መልሰንለታል፤ መዝገቡንም እየጻፈልን ነው። ፍላሽ ማስፈተሽ የሚፈልግ ሁሉ ወደ ማኅበሩ ቢሮ ይምጣ፤ ልጁ ያሳያችኋል።



የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት
ደባርቅ