የመስኮቱ ፈቃድ
(በተማሪዎች ማኅበር የቴክኒክ ክበብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንነግራችሁ የተነሣነው ስለ አንድ ስሕተታችን ነው። ስሕተቱ የአምስት ሰዎች ስለ ሆነ «እኛ» እያልን ብንናገር ከኀላፊነት የምንሸሽ እንዳይመስላችሁ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታስታውሱት፥ ባለፈው ዓመት በታይፕ የተጻፈ የአማርኛ ወረቀት ከፎቶግራፍ ላይ አንብቦ ሊታረም ወደሚችል ጽሑፍ የሚለውጥ ፕሮግራም አዘጋጅተን አሳይተናችሁ ነበር። ጭብጨባውን ተቀበልን እንጂ አንባቢው ሞተር የእኛ ሥራ አልነበረም። ሞተሩ ቴሰራክት ይባላል። በ1980ዎቹ (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንናገራለን) በሂውሌት ፓካርድ ኩባንያ ተጀምሮ፥ በ2005 ምንጭ ኮዱ ለሁሉ ተለቀቀ፤ በኋላም ጉግል ረድቶታል። አማርኛም ያነባል። ዳሩ ግን የሚታዘዘው በጥቁሩ ገጽ ላይ በሚጻፍ ትእዛዝ ነው። ለእኛ ይህ ምንም አይደለም። መዝገብ ቤት የሚሠሩትን እናት ግን «የፋይሉን ስም ይጻፉ፤ ከዚያ ሰረዝ ኤል፤ ከዚያ ኤ ኤም ኤች» ብንላቸው፥ «ልጆቼ፥ የምጫነውን ቁልፍ ስጡኝ» አሉን። እኛም ቁልፍ ያለው መስኮት ሠራንላቸው። የእኛ ድርሻ ይኸው መስኮት ብቻ ነው።

ጥቂት ቆይቶ አንድ የከተማ ድርጅት ፕሮግራሙን ልግዛችሁ፥ ምንጭ ኮዱን ለእኔ ብቻ አስረክቡኝና ዘግቼ ልሽጠው አለን። ዋጋውን ስንሰማ፥ መቼም ተማሪ ነንና፥ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደንም። ልንፈርም ስንል አንድ መምህራችን «ለመሆኑ የምትሸጡት ነገር የእናንተ ነው?» ብለው ጠየቁን። መልስ አልነበረንም።

በመጀመሪያ ያደረግነው የሞተሩን ፈቃድ ማንበብ ነው። ቴሰራክት የተለቀቀው አፓቼ 2.0 በሚባለው ፈቃድ ነው። ይህም ፈቃድ ለጋስ ነው፤ ዘግቶ መሸጥን እንኳ አይከለክልም። የሚጠይቀው የፈቃዱን ቅጅ አብራችሁ ስጡ፥ የባለ መብቶቹን ማስታወቂያ አትፋቁ፥ የለወጣችሁት ፋይል ካለ መለወጡን አመልክቱ የሚል ነው። «ተፈቀደልን!» ብለን ተደሰትን። ደስታችን የቆየው እስከ ማግሥቱ ነው።

ፕሮግራማችን ፒዲኤፍ የሚቀበል ስለ ሆነ፥ ገጹን ወደ ሥዕል የሚለውጥ ፖፕለር የሚባል መሣሪያ ከውስጡ አለ። የፖፕለር ፈቃድ ጂፒኤል ነው። ጂፒኤል በሪቻርድ ስቶልማን እጅ በ1989 የወጣ፥ በ1991 ሁለተኛው፥ በ2007 ሦስተኛው እትም የታተመለት ፈቃድ ሲሆን፥ ሐሳቡ አጭር ነው፤ ፕሮግራሙን እንደ ልብህ ተጠቀምበት፥ ለውጠው፥ ሽጠውም፤ ነገር ግን ለሌላ ስታስተላልፍ ያው መብትና ምንጭ ኮዱ አብሮ ይተላለፍ። ቤት ውስጥ ለራሱ ብቻ የሚሠራበትን ሰው ምንጩን አውጣ አይለውም። ግዴታው የሚመጣው ለሌላ ሲሰጥ ነው።

ታዲያ መስኮቱ ጂፒኤል የሆነን ፕሮግራም ቢያዝዝ፥ መስኮቱም ጂፒኤል ይሆናልን? ጥያቄው ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። የነፃ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን እንደሚያስረዳው፥ መስኮቱ ሌላውን ፕሮግራም በትእዛዝ አስነሥቶ ውጤቱን ብቻ ቢቀበል፥ ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የሌላውን ላይብረሪ ከራሱ ጋር አያይዞ በአንድ የማስታወሻ ክፍል ውስጥ አብረው ቢሠሩ ግን እንደ አንድ ሥራ ይቈጠራሉ። ድርጅቱ ራሱ እንደሚለው የመጨረሻው ፍርድ የዳኞች ነው። እኛ ፖፕለርን የምንጠራው በትእዛዝ ስለ ነበር በዚህ በኩል ዳንን። ይሁንና ፖፕለርን በፍላሽ ገልብጠን ለአሥራ አንድ ሰዎች ስንሰጥ ምንጭ ኮዱን አልሰጠንም፤ ከየት እንደሚገኝም አልጻፍንም። ይህ ጥፋት ነበር።

ትልቁ ጥፋት ግን ካላሰብነው ስፍራ ተገኘ። መስኮቱን፥ ቁልፎቹን፥ ዝርዝሩን የሠራንበት መሣሪያ ፓይኪውት ይባላል። ለምን መረጣችሁት ብትሉን፥ መጀመሪያ ያየነው የትምህርት ቪዲዮ በእርሱ ስለሚያስተምር ነው፤ ሌላ ምክንያት የለንም። ፓይኪውት ግን ወይ በጂፒኤል ሦስተኛ እትም፥ ወይ በገንዘብ በሚገዛ ፈቃድ ነው የሚሰጠው። ከመስኮታችንም ጋር የተያያዘ ላይብረሪ ነው። ስለዚህ ያንን ፍላሽ ስናድል፥ ሳናውቀው፥ ሥራችን በሙሉ በጂፒኤል መሰጠት ነበረበት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። የሞተሩን ፈቃድ መርምረን የመስኮቱን አልመረመርንም።

እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። ሪድላይን የምትባል፥ የሚጻፈውን ትእዛዝ ለማረም ብቻ የምታገለግል ጂፒኤል ላይብረሪ አለች። በ1992 ሲሊስፕ የተባለው የሊስፕ ቋንቋ ፕሮግራም ከእርስዋ ጋር በመያያዙ ከስቶልማን ጋር ክርክር ተነሥቶ፥ በመጨረሻ ደራሲዎቹ ፕሮግራማቸውን በሙሉ ጂፒኤል አደረጉት። ኬዲኢ የተባለውም የሊነክስ ገበታ ኪውት በሚባለው የመስኮት መሣሪያ ላይ በመሠራቱ፥ የኪውትም ፈቃድ ያን ጊዜ ነፃ ስላልነበረ፥ ቅር ያላቸው ሰዎች በ1997 ግኖም የሚባለውን ሌላ ገበታ ጀመሩ። ኪውት በጂፒኤል የተሰጠው በ2000 ነው።

ከመካከላችን አንዱ «ማን ይከሰናል?» ብሎ ነበር። በአሜሪካ የአሻንጉሊት ባቡር ማዘዣ መስኮት የሚሠሩ ሰዎች ጉዳይ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ደርሶ፥ በ2008 የነፃ ፈቃድን ግዴታ መጣስ የደራሲን መብት መጣስ ሊሆን እንደሚችል ተወስኗል። በእኛም አገር የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ ቁጥር በእኛው አቆጣጠር ነው) የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከመጽሐፍ ጋር ጠብቆታል። ዳሩ ግን ክሱን ወደ ጎን ትተነው፥ ሥራችንን ሌላ ሰው ስማችንን ፍቆ ቢሸጥብን ምን እንደምንል ለጓደኛችን ጠየቅነው። ዝም አለ።

አሁን ሁለት መንገድ አለን። አንደኛው ፓይኪውትን ትቶ ፓይሳይድ የሚባለውን መውሰድ ነው። ሁለቱ በጣም ይመሳሰላሉና ሥራው የጥቂት ቀን ነው። የፓይሳይድ ፈቃድ ኤልጂፒኤል ስለ ሆነ መስኮታችን ሊዘጋ ይችላል፤ ተጠቃሚው ላይብረሪውን በሌላ እትም እንዲተካ ግን መንገዱ ክፍት መሆን አለበት። ሁለተኛው ሁሉን በጂፒኤል ሦስተኛ እትም አውጥቶ፥ «ስለ ፕሮግራሙ» በሚል ቁልፍ ሥር የባለ መብቶቹን ስምና የፈቃዱን ማስታወቂያ ማኖር ነው፤ ፈቃዱ መስኮት ካለው ፕሮግራም ይህን ይጠይቃልና። በዚህኛው መንገድ ድርጅቱ ቢሸጠውም ዘግቶ ሊሸጠው አይችልም። እኛ ከአምስቱ ሦስታችን ወደ ሁለተኛው እናደላለን። ያ መስኮት ነገ የትግርኛና የግእዝ ጽሑፍ ለማንበብ የሚታረምበት ጊዜ ይመጣል፤ አራሚው ደግሞ ከታች ክፍል ያለ ተማሪ ነው እንጂ የድርጅቱ ደንበኛ አይደለም። ሁለቱ ጓደኞቻችን የቤት ኪራይ ያለባቸው ናቸውና ክርክራቸውን አንንቅም።

ድርጅቱ እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ይፈልጋል። መስኮቱን የጻፍነው አምስታችን ስለ ሆንን፥ ዘግቶ ለመሸጥም ሆነ አዲስ ፈቃድ ለመስጠት የአምስታችን ስምምነት ያስፈልጋል። አምስተኛው ባለፈው ሐምሌ ተመርቆ ወጥቷል። ጽፈንለታል፤ እስከ ዛሬ አልመለሰልንም። ከአሥራ አንዱ ፍላሽ ዘጠኙን ሰብስበን የፖፕለርንም የራሳችንንም ምንጭ ጨምረን መልሰናል። የቀሩትን ሁለቱን የያዛችሁ ካላችሁ ከስብሰባው በኋላ አምጡልን።